ለወንድሜ አሰልጣኝ ምስጋና፣ ለማርቆስና ለአካባቢው ሰው ጥቆማ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ የደብረ ማርቆስ ልጆች። ይህን የምጽፈው አንዲት ባለሙያ ለማመስገን ነው። ቤታችሁ እንደኛ ጭንቅላቱን የተጎዳ ሰው ካለም እንድታውቋት ብዬ ነው። ስሟን አልጠራም። "ሶሻል ሚዲያ ላይ እንዳታወጡኝ" ብላ አስጠንቅቃናለች።

ታላቅ ወንድሜ ግንበኛ ነበር። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ በጭንቅላቱ አረፈ። ባሕር ዳር ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሲገባ የንቃት መለኪያው ከ15ቱ 8 ብቻ ነበር፤ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ የሚባለው ነው። ሐኪሞቹን እግዜር ይስጥልን፣ ነፍሱ ተረፈች።

ፈተናው የመጣው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ይራመዳል፣ ይበላል፣ ያወራል፣ የሚጠይቀው ሰው ሁሉ "ተመስገን፣ ድኗል" ብሎ ይሄዳል። እሱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለ ይውላል። የነገሩትን ወዲያው ይረሳል። በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ጎረቤት አንዱ ሰነፈ ይላል፣ ሌላው የሆነ ነገር ሰፍሮበታል ይላል።

ይህች እህታችን ሙያዋ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ የእሷ ሥራ ግን ከእጅና እግር ማንቀሳቀስ ያልፋል። መታጠብን፣ ምግብ መሥራትን፣ ገበያ መውጣትን እንደገና ታለማምዳለች። መጀመሪያ ያስረዳችን፣ የአንጎል የፊት ክፍል ሲጎዳ ሰው እየፈለገ መጀመር እንደሚያቅተው ነው። ስለዚህ "ተነስ፣ ታጠብ፣ ልበስ" ብሎ በአንድ ትንፋሽ ማዘዝ አይሠራም። ፎጣውን እጁ ላይ ታስይዘውና ዝም ትላለች። እናቴ መጠበቁ አልሆንላት ብሏት ሮጣ ልታጥበው ስትል፣ "እማማ፣ ይተዉት፣ እርስዎ ካጠቡት እሱ መቼ ይለምዳል?" አለቻት። እናቴ አኩርፋ ያን ቀን ቡና እንኳ አላፈላችላትም። አሁን "ልጄ" ነው የምትላት።

ለመርሳቱ ደብተር ሰጠችው። ትንሽ ናት፣ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ የምትገባ። ማንም እንዳይጽፍበት ከለከለችን፤ የሰው ጽሑፍ አያምንም፣ የራሱን እጅ ጽሑፍ ሲያይ ግን ያምናል። "መድኃኒት ውጫለሁ" ብሎ ራሱ ይጽፋል፣ እኛም ከመጨቃጨቅ ተገላገልን።

ገበያው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሐምራዊዋን 200 ብር ይሰጥና መልስ ሳይቀበል ሽንኩርቱን ይዞ ይሄዳል። እሷ ምን አደረገች፣ ብሩን የሰጠበትን እጅ እንደተዘረጋ እንዲያቆየው አስለመደችው፤ መልሱ እስኪመጣ እጁ አይታጠፍም። ራሷ ከኋላው ራቅ ብላ ትቆማለች፣ ቢሳሳትም ቶሎ አትገባም። ሽንኩርት ሻጯ መጀመሪያ ሳቀችበት። ኋላ ግን እሷም ለምዳው መልሱን ጮክ ብላ እየቆጠረች መዳፉ ላይ ታስቀምጥለት ጀመር።

የወደድኩላት ሌላው ነገር ጸበልን አለመንቀፏ ነው። ጎጃም ቁጭ ብሎ ጸበል አትሂዱ ቢሉት ማን ይሰማል? "ሂዱ፣ የሚጥል በሽታውን መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ በድንገት ሲቋረጥ ነው የሚብሰው" አለች። እንዳለችው አደረግን።

ጠንካራ ናት፣ አልዋሻችሁም። ሰዓት ታከብራለች፣ እንድታከብሩላትም ትፈልጋለች። ቲቪ ተከፍቶ ሥራ አትጀምርም፣ የተጎዳ አንጎል በጫጫታ ቶሎ ስለሚደክም። ከባዱን ነገር ጠዋት ታሠራዋለች፣ ከዚያ እረፍት። ደግሞ ለውጥ ስታይ የምትመጣበትን ቀን ራሷ ትቀንሳለች። በቀን የሚከፈለው ሰው ቀኑን ሲቀንስ እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ወንድሜ ወደ መወጣጫው አልተመለሰም፣ አይመለስምም፤ ይህንንም ሳታባብል ነው የነገረችን። ግን ሽሮውን ይሠራል፣ ምድጃውን አጥፍቶ ደብተሩ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ዳቦ ገዝቶ መልሱን ቆጥሮ ይመጣል። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት ስልኳን እሰጣችኋለሁ። አማኑኤልና ሉማሜ ድረስም ትሄዳለች፣ ትራንስፖርቱ በእናንተ ነው። የሆስፒታሉን ወረቀትና የሚወስደውን መድኃኒት አዘጋጅታችሁ ጠብቋት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።