ድሬ ለስልጠና የምትሄዱ፣ «የሌሊት ጉብኝት» ሲሏችሁ እለፉት

ባለፈው ወር ለአራት ቀን ስልጠና ድሬዳዋ ሄደን ነበር። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ከክፍላችን ትንሹ ልጅ እና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሒሳብ ሠራተኛችን። በአንድ ምሽት 5,920 ብር ተበላን። ብሩ የአበል ነው፣ መጣ ሄደ። የተበላንበት መንገድ ግን ነገም ሌላው ላይ ስለሚደገም ልንገራችሁ።

ድሬን የሚያውቅ ያውቃታል። ቀን ሙቀቱ ሰዉን ያስተኛዋል፣ ሲመሽ ከተማው ሁሉ ይወጣል። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። አንድ ልጅ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። አይነዘንዝም፣ አይለጠፍም። «አቦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ለስልጠና ነው አይደል?» አለን። የቦርሳችንን ጽሑፍ አንብቦ ነው።

የሚሸጠው «የድሮ ድሬ በሌሊት» የሚለው የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። ምድር ባቡር፣ የፈረንሳዮቹ ሰፈር፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ቀይ መብራቶቹ» አለ። የባቡር ሠራተኛው፣ የጅቡቲ ነጋዴው፣ ወታደሩ ያመሽበት የነበረ ሰፈር፣ ከነታሪኩ። «እንደ አምስተርዳም በሉት። ማየት ብቻ ነው።» በሰው 700 ብር። ጋሼ ወደ 500 ሊያወርዱት ሞከሩ፣ አልወረደም። 2,100 ብር ቆጥረን ሰጠነው። እውነቱን ለመናገር ማንም አልጎተተንም። ማየት ፈልገን ነው የሄድነው።

ምድር ባቡር ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ልጁ በአጥሩ በኩል እያሳየን «ይሄን ጣሊያን ነው የሠራው» አለ። የጋሼ አባት የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አላስቻላቸውም። «የፈረንሳይ ኩባንያ ነው ልጄ» አሉት። ሐዲዱን ሐረር ተራራ ላይ ማውጣት ከባድም ውድም ስለነበር እዚህ ሜዳ ላይ በ1902 እ.ኤ.አ. ደረሰ፣ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች፣ መጀመሪያ ስሟ አዲስ ሐረር ነበር፣ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 ፈጀ። ይሄን ሁሉ ቆመው አስረዱት። ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢያስጎበኙን ይሻላል» አለ። ያኔ ነበር ብራችንን መልሰን መቀበል።

ደቻቱ ድልድይ ላይ ግን ለአምስት ደቂቃ ያህል ደህና አስጎብኚ ሆነ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ስለወሰደው ጎርፍ ነገረን። ታች ያለውን ደረቅ አሸዋ በእጁ እያሳየ «ይሄው ነው እንግዲህ» አለና ዝም አለ። እሱን ብቻ ተርኮልን ብሩን ቢወስድ አንድ ቃል አልጽፍም ነበር።

ከዚያ ጠባቧ መንገድ ውስጥ ገባን። የሰፈሩን ስም አልጠራም። ሌላም ሰው ይኖርበታል፣ ተማሪም ያልፍበታል። በር በሩ ላይ ቀይ አምፖል፣ መጋረጃ፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት። ልጁ ሦስታችንን አምፖሉ ሥር አቆመና «ለማስታወሻ» ብሎ በራሱ ስልክ ፎቶ አነሳን። እኛም ጅሎቹ ፈገግ አልን። ይቺን ፎቶ ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ቤት «ትንሽ አረፍ ብለን እንቀጥል» ተባለ። ሳናዝ ቢራ ተከፈተ። ለኛ ሦስት፣ ለሱ አንድ፣ መጥተው አጠገባችን ለተቀመጡት ሴቶች ሦስት። ሆቴላችን 90 ብር የምንጠጣው ቢራ እዚህ 220 ነው። 1,540 ከፈልን። ሁለተኛው ቤት አራት ቢራ 880፣ ላዩ ላይ «የጠረጴዛ» የሚሉት 500። የጠረጴዛ ሲባል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

እዚህ አንድ ነገር አየሁ። ቢራ በተከፈተ ቁጥር ልጁ ቆርኪውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ደረት ኪሱ ይከታል። ሽልማት ያለው መስሎኝ «ደረሰህ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። «ይደርሰኛል» አለ።

ሦስተኛው ቤት አንጠጣም አልን። ልጁ ምንም አልመሰለውም። የስልኩን መብራት አብርቶ መጋረጃውን ገለጥ አደረገና «ቤቱ እንግዲህ እንዲህ ነው የሚመስለው» ብሎ ወደ ውስጥ አበራ። ጠባብ አልጋ፣ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ግድግዳው ሥር የሚጨስ ዕጣን። አልጋው ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትቀባለች። በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። «አቦ መብራትህን አጥፋ! የሙዚየም ዕቃ ነኝ?»

ጋሼ ደነገጡ። «ይቅርታ እናቴ፣ አላወቅንም» አሉ። እሷም የሳቸውን ሽበት አይታ ነው መሰለኝ ለዘብ አለች።

«ስንት ከፈላችሁት?»

«ሰባት መቶ።»

«ለሦስታችሁ?»

«በሰው።»

ሳቀች። «እኔን ለማሳየት ሰባት መቶ! እሱ እኮ ለኔ ሰላምታም አይሰጠኝም።» ከዚያ ወደ ልጁ ኪስ በአገጯ አመለከተች። «በቆርኪ ነው የሚታሰብለት። ማታ ቆጥሮ ያስረክባል፣ ብሩን ይቀበላል። እናንተ ወደ ሆቴላችሁ፣ እሱ ወደ ጫቱ። እኔ ነገ አላፊ አግዳሚው ጣቱን ይቀስርብኛል።»

ጉብኝቱ እንግዲህ ይሄው ነው። መንገዱን የሚመርጠው ታሪኩ አይደለም፣ ቆርኪው ነው። 220 ብሯ ውስጥ የልጁ ድርሻ አለ። የምናየው እኛ፣ የምትታየው እሷ፣ የሚቆጥረው እሱ።

ልንወጣ ስንል አንድ ጎረምሳ በሩ ላይ ቆመ። «መግቢያ አልከፈላችሁም።» በሰው 300። ባንጠጣም ገብተናል አሉን። ጋሼ የሒሳብ ሰው ናቸው፣ ደረሰኝ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ደረሰኝ! ጎረምሳው ሳቀ። ትንሹ ልጅ ተናደደና «ፖሊስ እንጠራለን» አለ። አስጎብኚያችን ቀስ ብሎ ስልኩን አወጣ። ያቺ ፎቶ። ሦስታችን በቀይ መብራት ሥር፣ ጥርሳችን ሁሉ ታይቷል። ቦርሳችን ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም በደንብ ይነበባል። «ጥሩ፣ ጥሩ፣ ይጠራ» አለ። «ይቺንስ ለማን ልላካት?»

900 ብር ከፈልን።

የከፈልነው ለመግቢያ አልነበረም፣ ለእፍረት ነው። የዚህ ሥራ ዋስትናው ይሄ ነው። የተበላ ሰው ለሚስቱም ለአለቃውም አይናገርም። ስለዚህ ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ የስልጠና ቦርሳ ያነባል።

ኋላ አንድ የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬ ሰምቶ ሳቀብኝ። መፍራት የነበረበት እሱ ነው አለኝ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ ንግድ የሚተዳደረውን አገናኝና ቤቱን የሚያስተዳድረውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ይሄን በዚያች ሰዓት ብናውቅ እንደፍር ነበር ወይ፣ እንጃ። እግራችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አምስተርዳም የተባለችውን ነገር ደግሞ ትንሹ ልጅ ሆቴል ገብቶ ስልኩ ላይ ፈለጋት። በኔዘርላንድስ ሴተኛ አዳሪነት የሚሠራባቸው ቤቶች ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈቃድ ይሠራሉ። ሆኖም ከተማዋ ራሷ ከኤፕሪል 2020 ወዲህ ሰው አሰልፎ ሴቶቹ መስኮት ሥር ማስጎብኘትን ከልክላለች። ሴቶቹ የቱሪስት መታያ መሆናቸው ይብቃ ብለው ነው። ልጁ ድሬ ላይ የሸጠልን እዚያ የተከለከለውን ነው፣ ያውም በስሟ።

ማምሸት ከፈለጋችሁ ከዚራ ላይ አምሹ፣ ድሬ ለዚያ የምትበቃ ከተማ ናት። ከገባችሁ ግን ቢራ ከመከፈቱ በፊት ዋጋ ጠይቁ። ፎቶ በማንም ስልክ አትነሱ። የመሥሪያ ቤቱን ቦርሳ ሆቴል ተዉት።

በነጋታው በሚኒባስ ደንገጎን ወጥተን ሐረር ሄድን። ጀጎልን ያስጎበኘን ሰውዬ ዋጋውን ከበሩ ሳናልፍ ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ ሳንቲም አልጨመረም። ቅርጫት ከደረደሩት እናቶች ፊት ትንሹ ልጅ ስልኩን ሲያወጣ «መጀመሪያ ጠይቃቸው» አለው። መታወቂያውንም ሳንጠይቀው አውጥቶ ፊቱንም ጀርባውንም አሳየን።

የድሬውን ባጅ ጋሼ ያገላበጡት በመጨረሻ ነው፣ በሩ ላይ ስንጨቃጨቅ። የቢሮ ስም የለበትም፣ ማኅተም የለበትም። የሆነ ስልጠና ባጅ ነው፣ የኛው ዓይነት። «ተሳታፊ» ይላል።