ከፓወር ሰፕላይ ጀምሩ፦ ለባሕር ዳር ቤት የሚሆኑ የጌም ኮምፒውተር ዕቃዎች ግምገማ

ባሕር ዳር ላይ የጌም ኮምፒውተር የሚያስገጥም ሰው ሱቅ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው "ካርዱ ስንት ጂቢ ነው?" የሚል ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ በጀቱን ግራፊክስ ካርድ ላይ ያስጨርሰውና ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ከሶኬት የመጣውን መብራት ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ከኬዙ ጋር ምርቃት አድርጎ ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩን በሁለተኛው ክረምት የሚገድለው ያ ምርቃት ነው።

እዚህ የምንመዝነው ሁለት ዓይነት ግጣም ነው፤ አንዱ በራይዘን 5 5600፣ ሌላው በራይዘን 5 7600 በሚባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ የቆመ። መለኪያችን የፍሬም ብዛት አይደለም፤ ስድስት ሰባት ዓመት መቆየቱ ነው። ዋጋ አልጻፍንም፤ የዶላሩ ነገር እየታወቀ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም።

ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ። በትልቁ የተጻፈውን "600 ዋት" እለፉትና "+12 ቮልት" ከሚለው ሥር ስንት አምፔር እንዳለ እዩ፣ ከዚያ በ12 አባዙት። ደህና 550 ዋት 45 አምፔር ገደማ ይላል፤ 540 ዋት ማለት ነው። የምርቃቱ ሳጥን 18 አምፔር የሚል ከሆነ 216 ዋት ብቻ ነው፤ እሱንም ከቻለ። በእጅ ብታነሱትም ይታወቃል፤ ባዶ ቆርቆሮ ያህል ይቀላል። ቀጥሎ "ኢንፑት" የሚለውን እዩ። 100–240 ካለ ማታ መብራት ሲደክም ምንም አይሆንም። 200–240 ብቻ የሚል ግን ቮልቴጁ ወረድ ሲል ጌም መሐል ሊጠፋ ይችላል። "80 ፕላስ ብሮንዝ" የሚለው ምልክት ምን ያህል ኃይል በሙቀት እንደማያባክን ይናገራል እንጂ ለጥራቱ ምስክር አይደለም፤ ካፓሲተሮቹ (ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎች) 105 ዲግሪ የሚችሉ መሆናቸውን ጠይቁ። የኮርሴር ሲኤክስ550 ወይም የኤምኤስአይ ኤ550ቢኤን ደረጃ ለሁለቱም ግጣም ይበቃል። 750 ዋት ካልገዛችሁ የሚል ገጣጣሚ ትርፉን ነው የሚያስበው።

መብራቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጢስ ዓባይ ደጃችን ላይ ሆኖ መብራት መጥፋቱ ለቀልድ ይመቻል፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ግን ከመጥፋቱ ይልቅ አመጣጡ ነው። ይባስ ብሎ የሰፈሩ መስመር ኒውትራል (መመለሻ ሽቦው) ከተበጠሰ 220 ቮልት የለመደ ሶኬት ላይ ወደ 380 የሚጠጋ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ የሚሆነው ለፍሪጅ ተብሎ የሚሸጠው የቮልቴጅ መከላከያ ነው፤ ቮልቴጁ ከገደብ ሲያልፍ ይቆርጣል፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚያቀብለው። ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ መጀመሪያ ግዙት። ጠቅ ጠቅ የሚለው ርካሽ ስታብላይዘር ግን 100–240 የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ላለው ሰው ትርፍ ወጪ ነው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ላይ "ቪኤ" እና ዋት አንድ አይደሉም። 1000 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ 600 ዋት ነው፤ 650 ቪኤው ደግሞ 360 ገደማ። የ5600ው ግጣም ጌም ላይ ሆኖ ያለ ስክሪን 250 ዋት ገደማ ስለሚወስድ 1000ው ይሻላል። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤሶች ወደ ባትሪ ሲቀይሩ የሚሰጡት ሞገድ ሻካራ ስለሆነ ከዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጋር አይስማሙም፤ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ እያለውም ድርግም ይላል። ሱቅ ውስጥ ጌም ከፍታችሁ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ንቀሉ። ካልጠፋ ግዙ። ባትሪው ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ስለሚያጥር ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከኮምፒውተሩ የኋላ ፋን አርቁት።

ኬዙን በባዶ እግር ስትነኩት የሚነዝር ከሆነ ዕቃው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) የለውም ማለት ነው። የፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ግራውንድ ሲያጡ ግማሹን ቮልቴጅ ኬዙ ላይ ያሳርፉታል፤ ሰውን የማይጎዳ ትንሽ ከረንት ቢሆንም ከዲሽ ጋር የተገናኘ ቴሌቪዥን ላይ ኤችዲኤምአይ ስትሰኩ ፖርቱን ሊያቃጥል ይችላል። ግራውንድ የሌለው ማከፋፈያ ለጌም ኮምፒውተር አይሆንም። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ከሶኬቱ በተጨማሪ የኢንተርኔቱን ገመድም ንቀሉ።

ወደ ፕሮሰሰሩ እንምጣ። 5600 ኤኤም4 በሚባለው የማዘርቦርድ ሶኬት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሶኬቱ አዲስ ትውልድ አይጠብቅም፣ ከላዩ ሊመጣ የሚችለው እንደ 5800ኤክስ3ዲ ያለ ነው። 7600 የሚቀመጥበት ኤኤም5 እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሲሆን ኤኤምዲ እስከ 2027ና ከዚያም በላይ እንደሚደግፈው ተናግሯል። ሁለቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ፣ ሁለቱም 65 ዋት ናቸው። ፍርዳችን ይህ ነው፦ ዲዲአር4 ራም በእጁ ላለው ወይም ደህና ዩዝድ ለሚያገኝ ሰው 5600ን ከቢ550 ማዘርቦርድ ጋር፤ ከባዶ ለሚጀምርና ብሩ ለሚበቃው 7600ን ከቢ650 ጋር። ከ2025 መገባደጃ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ስላሻቀበ ዲዲአር5 ብቻ የሚቀበለው ኤኤም5 ከድሮው የበለጠ ይከብዳል። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ዩዝድ ስታገኙ ተጠንቀቁ፤ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ያዳክማቸው እንደነበር ታውቆ የባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስነሻ ፕሮግራም) ማስተካከያ የወጣው በ2024 ነው። ከዚያ በፊት የተጎዳውን ማስተካከያው አይመልሰውም።

ኤኤም5 ላይ ራም አንድ ባለ 16 ገዝቶ ቆይቶ መጨመር አይመከርም፤ ጥንዱን በአንድ ጊዜ ግዙ። አራት ራም ሲሰካ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። ሁለቱን ከፕሮሰሰሩ ወዲህ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ባዮስ ውስጥ ኤክስፖን (ራሙ በተገዛበት ፍጥነት እንዲሠራ የሚያደርገውን ቅንብር) አብሩ። መጀመሪያ ሲከፈት ስክሪኑ ለበርካታ ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ይቆያል፤ ራሙን እየተለማመደ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ተቃጥሏል" ብሎ ያጠፋውና እንደገና ከዜሮ ያስጀምረዋል። ተዉት፣ ሻይ አፍሉ። ባዮስ ስታድሱ ግን ያለ ዩፒኤስ በፍጹም አትንኩት፤ መብራት መሐል ላይ ከሄደ ማዘርቦርዱ ዱዳ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት እኩል ማዘርቦርድ "ባዮስ ፍላሽባክ" ቁልፍ ያለውን ምረጡ፤ ዱዳ የሆነውን በፍላሽ ያስነሳዋል።

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ከ7600 ሳጥን ውስጥ የሚመጣው አጭር ኩለር ይሠራል፤ እየጮኸ ነው። እንደ ዲፕኩል ኤኬ400 ያለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ያለው ኩለር ጨምሩ። የውኃ ኩለር አንመክርም፤ ፓምፑ ሲሞት እዚህ የሚጠግነው የለም፣ የአየር ኩለር ግን ፋን ሲቀየር አዲስ ነው።

ኬዝ ፊቱ ብርጭቆ የሆነው ያምራል፣ ያፍናል። ፊቱ ወንፊት የሆነውን፣ ማጣሪያውም ወጥቶ የሚታጠበውን ውሰዱ። ፊት ለፊት ሁለት ፋን የሚያስገባ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ አድርጉ፤ የሚገባው ከበለጠ አቧራ በየስንጥቁ አይሳብም። ጣና አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ከአቧራም ያልፋል፤ ማታ የኬዙን መብራት አይተው የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት ማጣሪያ የሌለው ፋን ውስጥ ገብተው ራዲያተሩ ላይ ይጋገራሉ። አርጂቢውን ማታ አጥፉት። ስታጸዱ ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አታስነፉ፤ ውኃ ይተፋል፣ ፋኑንም ከልክ በላይ ያሽከረክረዋል። በቀለም ብሩሽና በትንሽ ብሎወር፣ ፋኑን በጣት ይዛችሁ፣ በሁለት ወር አንዴ ይበቃል።

ግራፊክስ ካርድ ላይ አርኤክስ 6600 ለ1080ፒ አሁንም ምርጥ ርካሽ ነው፤ 132 ዋት፣ አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ፣ በቃ። ለዕድሜ ግን አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጂቢው ይበልጣል። በዚያው ስም ባለ 8 ጂቢም አለ፤ የማስታወሻ መንገዱ ከ192 ወደ 128 ቢት የጠበበ፣ ደከም ያለ ካርድ ነው። ካርቶኑን ሳይሆን ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም የሚያሳየውን እመኑ። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጠውም 2304 መሆን የነበረበት ሼደር (የካርዱ ጥቃቅን ማስሊያዎች ብዛት) 2048 ሆኖ ከመጣ በ570 ደረጃ ያለ ነው። ባዮሱ ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥ አሮጌ ኤንቪዲያ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ከስሙ ፊት ፌክ ብሎ ይጽፍበታል። ጂቲኤክስ 10 ተከታታዮችን ለዕድሜ አትግዙ፤ የጌም ድራይቨር ማሻሻያ በ2025 ቆሞባቸዋል።

ዩዝድ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ላይ ካርድ መጨመር ለጊዜው ያዋጣል፣ ለዕድሜ አይሆንም። ብዙዎቹ ዋና የኃይል ገመዳቸው 24 ፒን ሳይሆን የራሳቸው 6 ወይም 8 ፒን ስለሆነ ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት ከገበያ የሚተካ አይገኝም። ግድ ከሆነ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን 70 ዋቱን አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጂቢ ስካቸው። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭሩን ዓይነት ፈልጉ።

ኤስኤስዲ ስትገዙ ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስኪሞላ ጻፉበት። 1 ቴራ ተብሎ 120 ጂቢ የሆነው እዚያ ላይ ነው የሚጋለጠው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ ተገጥሞ የሚመጣ ከሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ከነዓባይ በረሃው ቁልቁለት ይናጣል። ካርዱና ትልቁ ኩለር ተነቅለው ለየብቻ ይጫኑ፤ አለዚያ ካርዱ በክብደቱ ቀዳዳውን ይሰብራል። ኤኤም4 ላይ ኩለር ሲነቀል ኮምፒውተሩ ሞቅ ካለ በኋላ አጥፍታችሁ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ ይሁን። ቀጥ ብሎ ከተሳበ ፕሮሰሰሩ ከፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ጋር ተጣብቆ ይወጣና ፒኖቹ ይጣመማሉ። ኤኤም5 ላይ ፒኖቹ ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆኑ ጥቁሯን የፕላስቲክ ክዳን አትጣሏት፤ ያለ እሷ ሶኬቱን ክፍት አድርጎ መላክም፣ ለዋስትና መመለስም ችግር ነው።