ታኮማ ፓርክ ቤት የምትፈልጉ፣ ይህችን ኤጀንት ሳታናግሩ አትግዙ

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና ይድረሰው። እኔና ባለቤቴ እናቴንና ልጆቻችንን ይዘን ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ የራሳችን ቤት ገብተናል። እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት እህታችን ትመስገን። የቤት ኤጀንት ናት። ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለጠየቀችኝ እዚህ አልጽፈውም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ በደስታ እሰጣችኋለሁ። ቤት መግዛት እዚህ አገር ስንቱን ወገን እንዳስለቀሰ አውቃለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከእሷ በፊት ያየነው አበሳ ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ኤጀንት በሰው በሰው ነው ያገኘነው። ገና አንድ ቤት ሳያሳየን ውል ዘረጋልን። ከ2024 ኦገስት ወዲህ ኤጀንት ቤት ሊያሳያችሁ ከመውሰዱ በፊት የጽሁፍ ውል መፈራረም ግድ ሆኗል፤ ስለዚህ ውሉ በራሱ ክፋት የለውም። የእሱ ውል ግን ለረጅም ወራት እጅ ከወርች የሚያስር ነበር። "ቆይ እናንብበው" ስንለው ፊቱ ጠቆረ። በስንት ክርክር አሳጠርነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጥድፊያ ነው። "ዛሬ ኦፈር (የግዢ ጥያቄ) ካላስገባችሁ ያመልጣችኋል።" "ኢንስፔክሽኑን ተዉት፣ እሱን ከጠየቃችሁ ማንም አይሸጥላችሁም።" መቶ ዓመት ያለፈው ቤት እኮ ነው! የዕድሜ ልክ ላባችንን የምናፈስበትን ቤት ባለሙያ ሳያየው ግዙ ይለናል። እምቢ አልን። እምቢ ካልን በኋላ ስልካችንን ማንሳት ተወ።

ሁለተኛው ይብሳል። ሰፈር ሲመርጥልን "እዚያ እንዲህ ያሉ ሰዎች ይበዛሉ፣ ለእናንተ አይሆንም" ይለናል። ልጆቼ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይሰማሉ። እንግሊዝኛውን ከእኔ በላይ ይሰማሉ። ያን ቀን ቤት ስንመለስ ማንም አላወራም። የሞርጌጁን ሰውዬ ነገርማ ባላነሳው ይሻላል፤ በአፉ የነገረን ወለድና በወረቀት የመጣው ወለድ አልተዋወቁም።

ተስፋ ቆርጠን ኪራይ ልናድስ ስንል ነው የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ የእሷን ስልክ የሰጠው። ገና ስንገናኝ ውሏን አወጣችና "ለአንድ ወር ብቻ ፈርሙልኝ። ካልተመቸኋችሁ ሂዱ፣ አልቀየምም" አለች። እስክናነበው ድረስ ቡናዋን እየጠጣች ጠበቀችን። ያልገባንን አንድ በአንድ በአማርኛ አስረዳችን።

ባለቤቴ ያው የለመደውን ጠየቃት። "ሰፈሩ ላይ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚኖረው?" እሷም "ይህን ልነግርህ አልችልም፣ ህግ ይከለክለኛል" አለችው። በ1968 የወጣው ፌር ሃውዚንግ አክት የሚባለው ህግ ኤጀንት ገዢውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አገር እየለየ "ወዲህ ሂድ፣ ወዲያ አትሂድ" እንዳይል እንደሚያግድ ያኔ አወቅን። ሁለተኛው ሰውዬ ሲያደርግብን የነበረው ነገር "ስቲሪንግ" የሚባል ስም እንዳለው የገባንም ያኔ ነው። ቀጥላ ግን "እኔ ከምነግራችሁ በዓይናችሁ እዩት። እሁድ ጠዋት ኑ" አለችን።

እሁድ ሄድን። ሎረል አቬኑ ላይ የገበሬዎች ገበያ ቆሟል። ስፓኒሽ ይሰማል፣ ፈረንሳይኛ ይሰማል፣ አማርኛ ይሰማል። እናቴ ቲማቲም እያገላበጠች ከአንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ ጋር በእጅ ምልክት ስትግባባ አየሁ። ከዚያ ኤጀንቷ በእግር አዞረችን። ከተማዋ በ1883 እንደተመሠረተች፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የሚባል ሰው ባቡር ሐዲዱ አጠገብ መሬት ገዝቶ ከዋሽንግተን ሙቀት ለሚሸሹ ሰዎች እንደሸጠ ነገረችን። ሰፊ በረንዳ ያላቸው የእንጨት ቤቶች ብዙዎቹ ከዚያ ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ ከመጣው የቀሩ ናቸው። በ1960ዎቹ ደግሞ በሰፈሩ መሃል አውራ ጎዳና ሊያወጡበት ነበር። ሳም አቦት የሚባሉ ሰው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተሟገቱ፣ መንገዱ ቀረ፣ እሳቸውም በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሆኑ። ይህን ስትነግረን ድምጿ ሞቅ ይላል። ሰፈሩን የምትወደው ሰው መሆኗን ለማወቅ ይኸው በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔና ባለቤቴ በአንድ ቤት ልባችን ጠፋ። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ከፍ ያለ፣ በረንዳው ዙሪያውን የሚሄድ። ልጆቹ ክፍል ተከፋፍለው ጨርሰዋል። ኦፈሩን ለመጻፍ ተቀምጠናል። እሷ ግን እናቴ አጠገብ ሄዳ ቁጢጥ አለችና "እማማ፣ ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ?" አለቻት።

እናቴ አፈረች። "አንዳንዴ ሁለቴ፣ ሦስቴም ይሆናል ልጄ" አለች።

"ይህ ቤት ያለው መታጠቢያ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። እስቲ ደረጃውን አብረን እንውጣው፣ እኔ ከኋላዎ ነኝ።"

ወጡ። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ የድሮ ቤት ደረጃ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ለእኛ ግን አትናገርም፤ ሸክም ላለመሆን። መሃል ላይ ቆመች፣ ግድግዳውን ያዘች። እሷም "ይረፉ እማማ፣ የሚያስቸኩለን የለም" አለቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረችና "ለዚህ ቤት ኦፈር አልጽፍላችሁም። ለእሳቸው አይሆንም" አለች። ኦፈሩ ቢያልፍ ኮሚሽኗን የምታገኝ ሰው ናት! እናቴ ያን ዕለት ማታ "ይቺ ልጅ የማን ዘር ናት?" እያለች ስትመርቃት አመሸች። እንኳን ሌላ ኤጀንት፣ እኛ ልጆቿም ይህን ጥያቄ ጠይቀናት አናውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሁሉ እንሰማት ጀመር። አንድ ቤት ከበር ሳንገባ "የፊት መስኮቶቹ አዲስ ፕላስቲክ ናቸው፣ ፍቃድ አላቸው?" ብላ ጠየቀች። የላቸውም ነበር። ይህ ሰፈር ታሪካዊ ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ ከውጪ የሚታይ ነገር ለመቀየር ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ልዩ ፍቃድ ያስፈልጋል። የውስጡን ለማደስ ግን ይህ ልዩ ፍቃድ አያስፈልግም። "ያለ ፍቃድ የተሠራ ነገር ሻጩን ሳይሆን ቤቱን ነው የሚከተለው" አለችን። ትልልቅ ዛፎችንም ያለ ከተማው ፍቃድ መቁረጥ አይቻልም። ሌላ ቤት ላይ ሻጯ የምትከፍለው የንብረት ታክስ ትንሽ ሆኖ ደስ ሲለን "እሱን አትዩ" አለች። ሻጯ ለረጅም ዓመት የኖረችበት ስለሆነ ታክሱ በአንዴ እንዳያሻቅብ የሚይዝላት ሆምስቴድ የሚባል ነገር አለ። ቤቱ ሲሸጥ እሱ ይነሳል። በዚያ ላይ ታኮማ ፓርክ የካውንቲውም የከተማውም ታክስ አለ። እውነተኛውን ቁጥር አስልታ አሳየችን። ለእኛም የሆምስቴዱን ማመልከቻ እንድንሞላ ከገዛን በኋላ ደውላ አስታወሰችን። ስንቱ ወገን ሳይሞላ ዝም ብሎ ይከፍላል!

በመጨረሻ ያገኘነው ቤት ትንሽ ነው። መኝታና መታጠቢያ ቤት ምድር ላይ አለው። ኢንስፔክተሩን ያመጣችው እሷ ናት፣ አሮጌ ቤት የሚያውቅ ሰው። ወለሉ ስር ተሳበ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ብዙ ነገር ተናገረ፣ እኔ ግማሹም አልገባኝ። እሷ ወረቀቱን ወስዳ በሦስት ቀለም አሰመረችበት። ይህ አሁኑኑ ይሠራ፣ ይህ ይቆይ፣ ይህ አያሳስባችሁ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ሲሸጥ ሻጩ በቀለሙ ውስጥ ስላለ እርሳስ የሚያውቀውን በጽሁፍ መንገር እንዳለበት፣ ገዢውም ለማስመርመር 10 ቀን እንዳለው የነገረችንም እሷ ናት። ትንሹ ልጄ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ስለሆነ አስመረመርን።

ክሎዚንግ፣ ማለትም የመጨረሻው ፊርማና ክፍያ፣ አለቀ። ቁልፍ ተቀበልን። ሌላው ኤጀንት እዚህ ላይ ይሰናበታል።

እሷ ግን ከሥራ ወጥታ አንድ ምሽት መጣች። የፊት ለፊቱ ደረጃ የእጅ መደገፊያ የለውም፤ እናቴ ስትወርድ የበሩን መቃን ይዛ ነው የምትወርደው። መደገፊያ ለማድረግም ፍቃድ ያስፈልጋል። ሜትር ይዛ መጥታለች። የሜትሩን አንዱን ጫፍ ለእናቴ አስያዘቻት፣ ሌላውን እሷ ይዛ ደረጃ በደረጃ ለካች። እናቴ እንደ ትልቅ ሥራ አጥብቃ ይዛለታለች። ፎቶ አነሳች፣ ቅጹን ከእኛ ጋር ሞላች፣ ቀጭን ጥቁር ብረት ከቤቱ ጋር እንደሚሄድ መከረችን። ተፈቀደ። ለውጪው እድሳት የምናወጣው ወጪ መስፈርቱን ካሟላ 25 በመቶው ከካውንቲው የንብረት ታክስ ላይ እንደሚቀነስም ነግራን "ደረሰኝ እንዳትጥሉ" አለች። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልተቀበለችም። እናቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠራቻት፣ እሱን ብቻ እምቢ አላለችም።

ሌላም አለ። እናቴ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የላትም። ታኮማ ፓርክ ግን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም በከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይህንንም የነገረቻት እሷ ናት። እናቴ ተመዝግባለች። "እኔም እቆጠራለሁ ማለት ነው?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ትቆጠሪያለሽ እማዬ አልኳት።

ወገኖቼ፣ ልባችሁን የሚያደርቅ ኤጀንት ይዛችሁ ከሆነ ተዉት። ቤት ስታዩ የሚያስቸኩላችሁን ተዉት። ይህችን እህት አናግሩ። ገንዘባችሁ ባይሞላ እንኳ አናግሯት፤ እኛን የክሬዲት ነገር እስክናስተካክል ወራት ጠብቃናለች። ታኮማ ፓርክ ብቻ ሳይሆን ሲልቨር ስፕሪንግንም ትሠራለች። ቅዳሜና እሁድ ቤት በማሳየት ስለምትያዝ በሳምንቱ መሃል ደውሉላት። ቤታችሁ አዛውንት ካሉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ እሷ ራሷ ትጠይቃችኋለች። ስልኳን ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ።