የራስ ቅል ሞዴል ስትገዙ፦ ነጩ፣ ባለቀለሙ ወይስ ትንሹ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ለሚመጡ የሕክምና ተማሪዎች አናቶሚ አስጠናለሁ። አብዛኞቹን የሚያስጨንቃቸው አንድ ቦታ ነው፤ አንጎል የሚያርፍበት የራስ ቅል ወለል። መጽሐፍ ላይ ጠፍጣፋ ይመስላል። በእጅ ሲያዝ ግን ደረጃ ነው። የፊተኛው ጉድጓድ ከፍ ይላል፣ መካከለኛው ዝቅ ይላል፣ የኋለኛው ከሁሉም ይወርዳል። ይህን በእጅ ለመዳሰስ ሞዴል መግዛት ያዋጣል።

እኔ የምመርጠው ባለሙሉ መጠኑን ነጭ ነው። ክዳኑ ይነሳል፣ የታችኛው መንጋጋ ይፈታል። ግን ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ሱቅ ስትሄዱ ስንደዶ ያዙ። ክዳኑን አንሱና መካከለኛው ጉድጓድ ላይ ሦስት ቀዳዳዎች ፈልጉ። ሮተንደም ከፊት፣ ኦቫሌ ቀጥሎ፣ ስፓይኖሰም ከኋላ፤ ወደ ጎን እየሸሹ የተደረደሩ ናቸው። ስንደዶው በኦቫሌ ሲገባ ከታች ብቅ ማለት አለበት። በስፓይኖሰምም እንዲሁ፣ ጠባብ ስለሆነ ቀጭኑን ጫፍ አስገቡ። በሮተንደም ግን ወደ ፊት፣ ወደ ላይኛው መንጋጋ ጀርባ ነው የሚሄደው። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከወጣ ሞዴሉ ተሳስቷል፤ ተዉት።

አንዲት ተማሪዬ ገዝታ ያመጣችው ላይ ስፓይኖሰም በመርፌ እንደተነካ ነጥብ ነበር። ምልክት እንጂ ቀዳዳ አይደለም። በጣም አዘንኩ፤ ምክንያቱም በዚያች ቀዳዳ የሚገባው የደም ሥር ትልቅ ነገር ያስተምራል። ጥሩ ሞዴል ላይ የሄደበት ቦይ እስከ ጆሮ ግንድ አጥንት ድረስ በጣት ይዳሰሳል። ሰው እዚያ ጋ ተመትቶ አጥንቱ ሲሰነጠቅ የደም ሥሩ ሊበጠስ ይችላል፤ ያኔ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል ደም ይጠራቀማል። ቦዩን በጣቱ ያልተከተለ ተማሪ ይህን ሁሉ በቃሉ ይሸመድዳል።

ባለቀለሙስ? ለጀማሪ ደስ ይላል። የራስ ቅል 22 አጥንቶች አሉት፤ ድንበራቸው በቀለም ሲለይ ወዲያው ይገባል። ስፊኖይድ የሚባለውን አጥንት እንደ ቢራቢሮ መሃል ላይ ክንፉን ዘርግቶ ታዩታላችሁ። ችግሩ ወፍራም ቀለም ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከአፍንጫ በላይ ያለችውን ወንፊት መሳይ አጥንት እዩ፤ የማሽተት ነርቮች የሚያልፉት በእሷ ነው። ስልካችሁን አብርታችሁ ከአፍንጫው በኩል አስጠጉ። ብርሃን ሾልኮ ከታየ እሰየው። ደግሞም ፈተና ላይ የሚቀርብላችሁ እውነተኛ አጥንት ቀለም የለውም።

ትንሹ ለጠረጴዛ ጌጥ ይሁን። ለወለሉ ጥናት አትግዙት።

የስልክ አፕ እንደ ደጋፊ ጥሩ ነው፣ ያሽከረክራል፣ ያጎላል። እኛ ሰፈር ግን መብራት ሲጠፋ ስልክም ይዘጋል፤ ሞዴሉን በሻማ ማጥናት ይቻላል።

አንዱ ለብቻው ከሚቸገር ሦስት ሆናችሁ አዋጡና አንድ ጥሩ ነጭ ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን የሚይዙትን መንጠቆዎች ሦስት አራት ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉ። ታክሲ ላይ ደግሞ ክዳኑን ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሉት፤ በግፊያ መጀመሪያ የሚሰበረው መንጠቆው ነው።