ጥቅል ስልጠና ወይስ የሥራ ትንተና? ለጦር ጋራዥ ቴክኒሻኖች የቱ ይሻላል

በአንድ ጦር ክፍል ጋራዥ የስልጠና ኃላፊ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የድሮ ባልደረቦቼ የሚደውሉልኝ በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ለቴክኒሻኖቹ የተዘጋጀ ጥቅል ስልጠና እንግዛ ወይስ መጀመሪያ የሥራ ትንተና እንሥራ?» ትንተናውን ነው የምላቸው፤ ቴክኒሻኑ በእርግጥ የሚሠራውን ዘርዝሮ ስልጠናውን ከዚያ መቅረጽ ማለት ነው። ጥቅሉን ገዝቼ አይቼዋለሁ።

ለ40 ሰው፣ በነፍስ ወከፍ 12,000 ብር፣ በድምሩ 480,000 ብር ከፈልን። ከ10ሩ ቀን 4ቱ ሞተር አውርዶ ማደስ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ሞተር አይወርድም፤ ወደ ዋናው ጥገና ይላካል። በቃ፣ 192,000 ብር ውሃ በላው። ልጆቹ ተመልሰው ያው ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) መቀየራቸውን ቀጠሉ። «ተቃጥሏል» ተብሎ ከተጣለው ውስጥ አንዳንዱን ስፈትሽ ደህና ነበር። ጥፋቱ የላላ የባትሪ ገመድ ነው!

ትንተናው አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኮዳፕ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶለታል፤ ሬይመንድ ክሪስታል ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ሥራው አንድ በአንድ ይዘረዘራል። ቴክኒሻኑ የሚሠራውን ያመለክታል፣ ከሌላው ሥራው አንጻር ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድበትም ይሞላል። ነባሮቹ ደግሞ የቱ እንደሚከብድና የቱን ጀማሪ ሠልጥኖ መምጣት እንዳለበት ነጥብ ይሰጣሉ። ጥቂት ጀማሪ ብቻ የሚነካው ሥራ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በሥራ ላይ ይሰጣል።

እኛ ትንተናውን ስንሠራ ወጪው? 40 ሰው ለ2 ሰዓት፣ 80 የሥራ ሰዓት። ፎቶኮፒው 3,500 ብር። አለቀ።

ግን ዝርዝር አትኮርጁ። እኔ መጀመሪያ ከሌላ ክፍል ገልብጬ አመጣሁ። ግማሹ ስለ አየር ፍሬን ይጠይቃል፤ የእኛ መኪኖች በሙሉ የዘይት ፍሬን ናቸው። ልጆቹ ሳቁብኝ፣ ወረቀቱም እንደገና ታተመ።

ድግግሞሽን ብቻም አትቁጠሩ። የተገለበጠ መኪና በብረት ገመድ መጎተት በዓመት አንዴ ቢያጋጥም ነው። ገመዱ ሲበጠስ ግን ሰው ይገድላል። በጊዜ ብቻ ብንደረድረው ከዝርዝሩ ይወድቅ ነበር።

ጥቅሉ የሚያዋጣው አዲስ ሞዴል መኪና ሲገባ ነው፤ ማንም ያልነካውን ማንን ትጠይቃላችሁ? ያኔ ከአምራቹ ግዙ። ያም ሆኖ ዋጋውን በየቀኑ ከፋፍለው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፣ የማይሆናችሁን ቀን አስቀንሱ። እኔ ሳልጠይቅ ነው የፈረምኩት።