ኤን ኤስ ዩ ፕሪንዝ 4 በባሕር ዳር፦ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በኋላ

ኤን ኤስ ዩ ፕሪንዝ 4 ከኋላ የተቀመጠ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ያላት ትንሽ የጀርመን መኪና ናት። እኔ የያዝኳት ከጋራዥ ከወጣች ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ በባሕር ዳር ስነዳት ቆይቻለሁ። ድምዳሜዬን ለማስቀደም ያህል፣ መኪናዋ ለከተማዋ ሜዳማ አቀማመጥ በሚገባ ትስማማለች፤ የሐይቁን ዳርቻ እርጥበት ግን አትችልም። ገንዘብ የሚበላውም ሁሉም ሰው የሚፈራው ሞተር ሳይሆን ላሜራው ነው።

የተገኘችው በሐይቁ ዳርቻ ባለ አንድ የውርስ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ሸራ ለብሳ ነው። ዓርማዋ ወልቆ ስለነበር ወራሾቹም ጎረቤቶቹም ፊያት እንደሆነች እርግጠኞች ነበሩ። የሞተሩ ክዳን ሲከፈት ግን ነገሩ ተለየ፤ የፊያት 600 ሞተር በውኃ የሚቀዘቅዝ ሲሆን የዚህች ግን ራዲያተር የለውም፤ የፊያት 500 ሞተር በአየር ቢቀዘቅዝም የተቀመጠው በመኪናው ቁመት ነው፣ ይህ ደግሞ በመኪናዋ ወርድ ተጋድሟል። ሊብሬው ከቤተሰቡ ሰነዶች መካከል ተፈልጎ ሲገኝና ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ሲመሳከር ጥርጣሬው አበቃ። እንዲህ ያለ መኪና የሚያገኝ ሰው ከዋጋ ድርድር በፊት ይህን ማመሳከር ማስቀደም አለበት፤ ሊብሬ የሌላት መኪና የቱንም ያህል ብርቅ ብትሆን ቦሎ ለጥፋ መንገድ ላይ ልትወጣ አትችልም።

አምራቹ ኤን ኤስ ዩ ዛሬ በስሙ የለም። እ.ኤ.አ. በ1873 የሹራብ መሥሪያ ማሽን አምራች ሆኖ ተቋቋመ፤ ኋላም ኔካርዙልም ወደተባለችው ከተማ ተዛውሮ ስሙን ከእርሷ ወሰደ። (በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ውስጥ ይህን ታሪክ ሳነብ ደስ ብሎኛል።) ከሹራብ ማሽን ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ ሞተር ሳይክል ተሸጋግሮ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሞተር ሳይክል ምርት ከዓለም ቀዳሚ ሆነ። በ1967 ያወጣው ሮ 80 የተባለው መኪና በአዲሱ የቫንክል ሞተሩ (በፒስተን ፋንታ በሚሽከረከር አካል በሚሠራው) ቢደነቅና የዓመቱ የአውሮፓ መኪና ተብሎ ቢሸለምም፣ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየተበላሸ ያስከተለው የዋስትና ወጪ ኩባንያውን አዳከመው፤ በ1969 በቮልክስዋገን ሥር ከአውቶ ዩኒየን ጋር ተዋሐደ፣ በ1985 ደግሞ የጋራው ድርጅት አውዲ ብቻ ሲባል ስሙ ቀረ። ፕሪንዝ 4 የተመረተችው ከ1961 እስከ 1973 ነው።

የኩባንያው የሞተር ሳይክል ዘር በሞተሩ ላይ በግልጽ ይታያል። ከላይ ያለውን የቫልቭ ዘንግ የሚያዞሩት ሰንሰለት ወይም ቀበቶ ሳይሆኑ፣ ኩባንያው ቀድሞ በሞተር ሳይክሎቹ ላይ የተጠቀመባቸውን የመሰሉ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሱ የሚያዞሩ ዘንጎች ናቸው። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል፣ ሞተሩን ከታወቁት የመኪና መካኒኮች ይልቅ ፈጥኖ የተረዳው ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሲጠግን የኖረ ባለሙያ ነበር። ሞተሩ 598 ሲሲ ሲሆን 30 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ፋብሪካው ጽፏል፤ ይህ ግን በባሕር ወለል ደረጃ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ስለሚሳሳ፣ በተግባር የሚገኘው ከ25 እምብዛም አይበልጥም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛ ካንዴላዎቹ በጥላሸት ይጠቁሩ ነበር፤ የካርቡራተሩ የቤንዚን ማሳለፊያ በጠባብ ሲተካ ችግሩ ጠፋ። መኪናዋ ከ600 ኪሎ ግራም በታች ስለምትመዝን በከተማው ውስጥ ጉልበት አነሳት አይባልም፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጣ ብቻ በሁለተኛ ማርሽ በትዕግሥት መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ላሜራው ስመለስ፣ የጣና ውኃ ጨው የለውምና እንደ ባሕር ዳርቻ ብረት የሚበላ ነገር የለም ብለው የሚያጽናኑ ሰዎች አሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ዝገቱ የሚመጣው በፓራፋንጎው ውስጠኛ ኪስና በበሮቹ ሥር ከሚጠራቀመው ጭቃ ነው፤ በክረምት ጭቃው ሳይደርቅ ወራት ያልፋሉ፣ ሌሊት ደግሞ በቀዘቀዘው ብረት ላይ የሚያርፈው ጤዛ በምንጣፉ ሥር ይሰበሰባል። በዛፉ ሥር በቆመችባቸው ዓመታት የማንጎው ቅጠል የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ስለደፈናቸው ወለሉ እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር። የላሜራ ሠራተኛው ወለሉን ቆርጦ ጥሎ በአዲስ ብረት ተካው፣ የበሮቹን ሥር ገጣጠመ፣ ከታች በኩል ሬንጅ ቀባው፤ ለዚህ የከፈልኩት ለሞተሩ፣ ለፍሬኑና ለኤሌክትሪኩ በድምሩ ካወጣሁት ይበልጣል። ያም ሆኖ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ በአንዱ ብየዳ ጠርዝ አዲስ ዝገት ታይቷል። በዝናብ ወራት ጭቃውን ከሥር በውኃ ግፊት ማጠብና ቀዳዳዎቹን በሽቦ መክፈት የማይቀር ሥራ ሆኗል።

ሌላው ደካማ ጎኗ ዲናሞውና ሞተሪኖው አንድ አካል መሆናቸው ነው። ያ አካል ሲቃጠል መኪናዋ በቁልፍ መነሣትም ባትሪ መሙላትም በአንድ ጊዜ ታቆማለች፤ የእኔው ጥቅልል ሽቦው እንደ አዲስ ተጠምጥሞለታል፣ እስከ አሁንም ይሠራል። የፍሬን ጎሚኒና የበር ላስቲክ አገር ውስጥ ስለማይገኙ በጀርመን የሚኖሩ ዘመዶች ሻንጣ ውስጥ ነው የመጡት። ጎማ ግን አላስቸገረም፤ ባለ 12 ኢንች ቸርኬ ስለሆነ ለትንሿ ማሩቲ ሱዙኪ የሚሸጠው ይገጥማል።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ አፍንጫዋ ቀላል የሆነውን ይህችን መኪና ወደ ጎን ይገፋታል፤ የፊተኛው ሻንጣ ቦታ ላይ የአሸዋ ከረጢት ማስቀመጥ መሪውን በግልጽ ያረጋጋዋል። መስኮቶቿ ሰፋፊ በመሆናቸው በባጃጆች መካከል መንዳት አያስጨንቅም። በከተማ ውስጥ በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ የቤንዚን ሰልፍ በሚበዛበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብቸኛ መኪናው እንድትሆን የሚፈልግ ሰው አይግዛት፤ አንድ ጎሚኒ እስኪመጣ ወር ልትቆም ትችላለች። ለሁለተኛ መኪናነት የሚያስባት ሰው ደግሞ ሞተሩን አስነሥቶ ከማዳመጥ በፊት ምንጣፉን ያንሣ፣ ወለሉንና የበሮቹን ሥር በመፍቻ እጀታ እየመታ ድምፁን ይለይ፤ ድፍን ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ሁሉ በብረት ፋንታ ስቱኮ የተሞላ ነውና የላሜራ ሠራተኛውን ሒሳብ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ይቀንስ።