ደብረ ማርቆስ ላሉት የቲቪ ጠጋኝ ጋሼ ምስጋና፣ አሮጌ ቲቪ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ያገሬ ልጆች። ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የጠገኑልኝ የጌም ማሽን እውነትም መሥራቱን፣ ውሎ ሲያድር እንደማይከዳኝ ልይ ብዬ ቆየሁ። አልከዳኝም። አሁን ይህን ስጽፍ ራሱ ከጠዋት ጀምሮ እየሠራ ነው፣ ልጆቹም ተራ ይዘው ቆመዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የጌም ቤት አለችኝ። ፕሌይስቴሽን አለ፣ ከረምቡላ አለ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤ ያለው ቆመህ፣ ሳንቲም ከትተህ በምትጫወትበት በዚያ ትልቁ የአርኬድ ማሽን ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ አንድ መዝናኛ ቤት ተዘግቶ ዕቃውን ሲሸጥ አንዱን በቅናሽ አገኘሁና አይሱዙ ላይ ጭኜ አመጣሁት። መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሃሉ ደግሞ ዓባይ በረሃ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ በደጀን በኩል አቀበቱን እስኪወጣ ድረስ ምን ያህል እንደተንገጫገጨ እግዜር ይወቀው። ማርቆስ ደርሶ ስንሰካው የጌሙ ድምፅ አለ፣ ስክሪኑ ግን ድርግም።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ጥገና ቤት ስም አልጠራም፣ ከተማውንም አልናገርም። ቀብድ ተቀበሉ። አንድ ወር ተኩል አመላለሱኝ። በመጨረሻ «ይህ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ጠፍጣፋ ስክሪን ግጠምበት» ብለው አንዲት መቀየሪያ ሣጥን ሸጡልኝ። ገጠምኩት። ምስሉ መጣ፣ ግን ደብዝዟል፣ ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቁልፉን ትጫናለህ፣ ሰውዬው ቆይቶ ይዘላል። የልጅ እጅ ይህን ወዲያው ነው የሚያውቀው። ሁለት ቀን ሞክረው ተዉት።

ጋሼን የጠቆመኝ ሱቁ ከእኔ ጎን የሆነ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ነው። የጋሼን ስም እዚህ የማልጽፈው ስላልፈቀዱልኝ ነው። «ሥራውን ጻፍ፣ እኔን ተወኝ» አሉኝ። ቴሌቪዥንና ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠባብ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያው የተደረደረ የሞተ ቲቪ። እውነቱን ለመናገር ስገባ ብዙም ተስፋ አላደረግሁም ነበር።

የማሽኑን የራሱን የድሮ ስክሪን ይዤላቸው ሄድኩ። ሳይነኩት ባትሪ አበሩና የቲዩቡን፣ የዚያን ምስሉ የሚታይበትን ትልቅ መስታወት፣ አንገት ከኋላ አዩ። «ና እስቲ እይ» አሉኝ። የአንገቱ መስታወት ውስጡ ነጭ ሆኗል፣ ወተት የተቀባ ይመስላል። «ይኸ ብር መስሎ ማብለጭለጭ ነበረበት። ነጭ ከሆነ አየር ገብቷል ማለት ነው። ልጄ፣ ይኸ ሞቷል፣ ገንዘብህን እንዳታወጣበት።» ስንጥቁ ፀጉር የምታህል ነች፣ አሳዩኝ። ያ ሁሉ ወር ተኩል አንድም ሰው እዚያ አንገት ላይ ባትሪ አላበራም ማለት ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ከዚያ «አሮጌ ቲቪ የለህም?» አሉ። ለካ የድሮው ቲቪና የአርኬድ ማሽን ዘመዳሞች ናቸው። እኛ አገር የገቡት ቲቪዎች ፓል በሚባለው የቲቪ ሥርጭት ሥርዓት በሰከንድ 15,625 መስመር ነው የሚስሉት፤ የድሮዎቹ የአርኬድ ቦርዶችም (ጌሙ ያለባቸው የማሽኑ ሰሌዳዎች) እዚያው ግድም ናቸው፣ 15,700 አካባቢ። የኮምፒውተር ሞኒተር ባብዛኛው ከ31,000 ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ የቦርዱን ምስል ጭራሽ አይቀበልም። ልዩነቱ መግቢያው ላይ ነው። ቦርዱ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን በየራሱ ሽቦ ለያይቶ ይልካል፣ አራተኛው ሽቦ ሲንክ ይባላል፣ መስመሩ የት እንደሚጀምር የሚናገረው እሱ ነው። እኛ ጋ ያለው የቤት ቲቪ ግን ባብዛኛው ያለው የአንቴና ቀዳዳና ያች ቢጫዋ የቪዲዮ ቀዳዳ ነች፣ በእሷ ሁሉም ቀለም ተደባልቆ ነው የሚገባው።

መጀመሪያ የወሰድኩላቸው የጎረቤት ቲቪ ነበር፣ ቢጫ ቀዳዳም የሌለው በጣም የቆየ። ከፍተው፣ በቴስተር ለክተው መልሰው ዘጉት። «ይኸ ብረቱ ራሱ መብራት ተሸክሟል። ከቦርድህ ጋር ባገናኘው ቦርዱንም ያቃጥላል፣ ሳንቲም የሚከተውንም ልጅ ይይዘዋል።» በመሃል መለያ ትራንስፎርመር፣ ቲቪውን ከግድግዳው መብራት የሚለይ፣ ካልገባ አይሆንም፣ ለዚህ የሚበቃ ደግሞ እጄ ላይ የለም አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ሠርቶ ብሩን ይቀበል ነበር። እኔ ለጋሼ ያለኝ ክብር የጀመረው እዚያች ላይ ነው።

የቀረው የእናቴ ቤት ቲቪ ነው። አባቴ በ1993 ዓ.ም. የገዛው 21 ኢንች፣ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ የተቀመጠ። እናቴ «የአባትህን ዕቃ ልታፈርስ ነው?» አለችኝ። ጋሼ ራሳቸው መጡ። ቡና ጠጡ። «እሜቴ፣ አናፈርሰውም፣ ሥራ እንሰጠዋለን» አሏት። ዳንቴሉን አጥፋ ሰጠችን።

አሁን ያን ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አሁንም ይገርመኛል። ቲቪውን ከፈቱት በኋላ ማንንም አላስጠጉም። ከሶኬት ቢነቀልም ቲዩቡ ውስጥ ከ20,000 ቮልት በላይ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ረጅም ካቻቢቴ ላይ ሽቦ ጠመጠሙ፣ የሽቦውን ሌላ ጫፍ በቲዩቡ ጀርባ ከተዘረጋው የመሬት (ኧርዝ) ሽቦ ጋር አሰሩ፣ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ከዚያ ካቻቢቴውን ቲዩቡ ላይ በተለጠፈችው ጥቁር ጎማ ሥር ቀስ አድርገው አስገቡ። ጧ! አለ። ጥቂት ጠብቀው ደገሙት። እባካችሁ ይህን አይታችሁ ቤታችሁ እንዳትሞክሩ። ግራ እጅ ኪስ የሚገባው ድንገት ቢይዝ መብራቱ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው፣ ይህን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቲቪውን መልሰው አበሩና ሪሞቱን ይዘው ድምፅ ጨመሩ። አረንጓዴው መስመር ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። «ይኸ መስመር ከየት መጣ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ከአንቴና አልመጣም፣ ከቢጫዋም አልመጣም። ቲቪው ውስጥ ያለች ትንሽ አይሲ፣ ብዙ እግር ያላት ጥቁር ቺፕ፣ ናት የምትጽፈው። ቀለሙን ለያይታ በቀጥታ ለዋናው አይሲ ትሰጠዋለች። እኛም በእሷ በር እንገባለን።» ሃያ ዓመት ሙሉ ያን አረንጓዴ መስመር እያየሁ አንድም ቀን ከየት መጣህ ብዬው አላውቅም!

የአይሲውን ቁጥር አነበቡልኝ፣ እኔ በስልኬ ሥዕላዊ መረጃውን አወረድኩ፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው እግር በእግር ቆጠሩ። ሦስቱን የቀለም እግሮች አገኙ፣ አራተኛዋንም «አሁን የውጭውን አሳይ» ብላ የምታዝዘውን። ከቦርዱ የሚመጣው ምልክት ቲቪው ከለመደው ስለሚበረታ በየሽቦው ላይ ሬዚስተር፣ ምልክቱን የሚያዳክም ትንሽ ዕቃ፣ አስገቡ፣ ለየቀለሙም አንዳንድ ባለ 75 ኦም ሬዚስተር ጨመሩ። ሲንኩን በቢጫዋ ቀዳዳ በኩል ሰደዱት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ምስሉ እንደ ጎርፍ ወደ ላይ ይሮጥ ነበር። ሲንኩ በዝቶበታል አሉ፣ አንድ ሬዚስተር ቀየሩ፣ ቆመ። ሰማያዊ የለም። የሰማያዊዋን ሽቦ እንደገና ሊድ አስነኳት፣ መጣ። ያን ጊዜ የታየውን ቀለም መግለጽ ያቅተኛል። ቀዩ ቀይ ነው። የፊደሎቹ ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ቁልፉን ስጫን ሰውዬው እዚያው ዘለለ፣ ከጣቴ ጋር እኩል።

እንጨቱ ሣጥን ውስጥ መግጠሙም የራሱ ጣጣ ነበረው፣ አናጺ ልጅ ረድቶን በሁለት ቅዳሜ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ገጥመን ስናበራ የስክሪኑ አንድ ጥግ ወይን ጠጅ ሆነ። እኔ ደነገጥኩ። ጋሼ ግን ወዲያው እጃቸው ወደ ስፒከሩ ሄደ። የማሽኑ ስፒከር ማግኔት ቲዩቡን እየጎተተው ነው። ስፒከሩን ዝቅ አድርገው አራቁት፣ ቲዩቡን ከበው ያሉትን፣ ሲበራ ማግኔቱን የሚያጸዱትን ጥምጥም ሽቦዎች ደግሞ ሳይጥሉ አብረው ስለገጠሟቸው ጥቂት ጊዜ አጥፍተን ስናበራው ጥጉ ጠራ።

ዋጋውንም ልንገራችሁ። ለእጃቸው 2,500 ብር ነው ያስከፈሉኝ፣ ለዕቃው ከ400 ብር አልበለጠም። ጨምሬ ስሰጣቸው መለሱልኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው እንዳላበራው፣ ስታቢላይዘርም እንድገዛ አስጠንቅቀውኛል፣ ገዝቻለሁ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው። ከማርቆስም ሆነ ከደምበጫ፣ ከአማኑኤል፣ ከደጀን፣ ከብቸና ይህን የምታነቡ፣ የቆየ ቲቪ፣ ራዲዮ፣ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር ካላችሁ ለእሳቸው አሳዩ። የማይሆነውን አይሆንም ይሏችኋል፣ ገንዘባችሁን አያስወጧችሁም። ጠፍጣፋ ቲቪ ግን አትውሰዱ፣ እሱን አልሠራም ብለው በግልጽ ነግረውኛል። ለአርኬድ የሚሆን ቲቪ የምትፈልጉ ከሆነ ሪሞት ያለውና ቢጫ ቀዳዳ ያለው ይሁን። የሞተ ቲቪ መጋዘን ውስጥ ያስቀመጣችሁም አትጣሉት፣ ለመለዋወጫ ይፈልጉታል፣ እንዲህ ያለ አይሲና ፍላይባክ (ለቲዩቡ ከፍተኛውን ቮልት የሚሰጠው) አሁን ገበያ ላይ እንደልብ አይገኝም። አንድ ወጣት ደግሞ ሙያውን ሊማር ቢሄድላቸው ደስ ይለኛል፤ ጠይቄያቸው «ይምጣ» ብለዋል።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እኔ ራሴ አደርሳችኋለሁ። እሑድና የበዓል ቀን አይሠሩም። ቲቪውን ስታመጡ ክብደቱ ያለው በመስታወቱ በኩል ስለሆነ መስታወቱን ወደ ደረታችሁ አድርጋችሁ ተሸከሙት፣ መኪና ላይም ፍራሽ ነገር አንጥፉለት። የእኔ እንዴት እንደተሰበረ ነግሬያችኋለሁ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው፣ እጅዎ ይባረክ። እናቴ ቅዳሜ ቡና አለ ብላለች።